የእኔ ዐሥራ ሁለት ክፍሎችና የእትዬ ብርቄ ካርቶን

ሳይጠየቁ የማብራራት በሽታ ካለ፣ እኔ ከነምልክቱ አለብኝ። ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው «ዛሬስ ሞቀ» ካለኝ፣ ሙቀቱ ከሐይቁ ጋር ያለውን ግንኙነት በሦስት ነጥብ ከፍዬ አስረዳዋለሁ። ሰውዬው መውረጃው ሳይደርስ «ወራጅ አለ!» ይላል። እኔ ደግሞ ሦስተኛውን ነጥብ ሳልጨርስለት በመውረዱ አዝንለታለሁ። እስካለፈው ክረምት ድረስ ይህ ጠባዬ ማንንም ጎድቶ አያውቅም ነበር፤ ቢበዛ ሰው ያሰለቻል። የዛሬው ወጌ ግን ከመሰልቸት ስላለፈው ጊዜ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በስብሰባ ነው። የማስተምርበት የግል ኮሌጅ ዲን መምህራኑን ሰብስበው፣ «ተመርቀው ቤት የተቀመጡ፣ ሥራ ጀምረውም የተቋረጠባቸው ልጆች በዝተዋል። ወደ ሥራ የሚመልሳቸው አንድ ሥልጠና በኢንተርኔት ብናዘጋጅ…» ብለው ገና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ የእኔ እጅ ወጥቷል። ሌሎቹ መምህራን አቀርቅረው ጫማቸውን ያዩ ነበር። ትሕትና መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ልምድ ኖሯል።

«ምን ያህል ጊዜ ይበቃሃል?» አሉኝ ዲኑ።

«አንድ ወር!» አልኩ፤ ሁለት ብል ቀድሞኝ ሌላ ሰው የሚወስደው ይመስል።

ስለ ሥራ አጥነት ምን ያህል አውቅ እንደነበር ልንገራችሁ፦ ምንም። በተመረቅሁ በሁለተኛው ሳምንት ያስተማረኝ መምህር ደውሎ እዚሁ ኮሌጅ አስገባኝ። እኔ ሥራ ፈልጌ አላውቅም፤ ሥራ ነው እኔን የፈለገኝ። እንግዲህ ይህ ሰው ነው «ሥራ አፈላለግ፦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው» የሚል ሥልጠና ሊጽፍ ወንበር ስቦ የተቀመጠው።

ሥልጠናውን ዐሥራ ሁለት ክፍል አደረግሁት። እያንዳንዱ ክፍል ቪዲዮ፣ ንባብና ፈተና አለው። አንዱን ክፍል መቶ ከመቶ ያላለፈ ሰው የሚቀጥለው አይከፈትለትም። ዲኑ «መቶ ከመቶ አልበዛም?» ሲሉኝ፣ ዘጠና ያመጣ ሰው ዐሥሩን አላወቀም ማለት እንደሆነ፣ ያላወቃት ዐሥር ደግሞ ቀጣሪው የሚጠይቀው ልትሆን እንደምትችል አስረዳኋቸው። ሰዓታቸውን አይተው «በል ቀጥል» አሉኝ። ያሳመንኳቸው መስሎኝ ነበር።

ቪዲዮውን የቀረጽኩት ታቦር ተራራ ሥር በተከራየሁት ቤት ግቢ ነው። ከጀርባዬ ነጭ አንሶላ ገመድ ላይ ሰቀልኩና ስልኬን በርጩማ ላይ አቆምኩ። አባ ኮዳ የምንለው ያ ራሰ በራ ትልቅ ወፍ ከሐይቁ ተነሥቶ መጥቶ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ፣ ጣሪያው እንደ ከበሮ ይጮኻል። ክፍል አንድን አራት ጊዜ አበላሸብኝ። ክፍል ሦስት «የራስ መተማመን በቃለ መጠይቅ ላይ» የሚል ነበር፤ መሀሉ ላይ አከራዬ አንሶላው የደረቀ መስሏቸው ከጀርባዬ አውርደው አጥፈው ወሰዱት። እኔ ሳላይ ስለ መተማመን ማብራራቴን ቀጥያለሁ። ቪዲዮው ላይ ከኋላዬ የሚታየው የሽንት ቤቱ በር ነው።

ሠልጣኞቼን ለማግኘት ወደ ሰሌዳው ወረድኩ። ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ አንድ አጥር ላይ የተገጠመ ረጅም የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። ሥራ የሚፈልጉ ተመራቂዎች ጠዋት ጠዋት እዚያ ይቆማሉ። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ያያል፣ ሦስተኛው «ስንት ዓመት የሥራ ልምድ ይላል?» ብሎ ከኋላ ይጮኻል። ከሰሌዳው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የእትዬ ብርቄ ፎቶ ኮፒ ቤት አለች። ማሽኑን፣ እትዬ ብርቄንና አንድ ዱካ ብቻ ነው የምትይዘው። ማሽኑ ሥር ደግሞ አንድ የብስኩት ካርቶን አለ። ካርቶኑ ውስጥ በየላስቲኩ የታሸገ ወረቀት ተደርድሯል።

«ይኼ ምንድን ነው እትዬ ብርቄ?»

«ልጆቼ ናቸው።»

«ማለቴ፣ ወረቀቱ።»

«እኔም ወረቀቱን ነው የምልህ። ይቺ ነርስ ናት። ይኼ ሲቪል ኢንጂነር ነው። እነዚህ ሦስቱ አካውንቲንግ። ይቺኛዋ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት፣ ጎበዝ። ይኼ ደግሞ ፍልስፍና ነው የተማረው፤ ለሱ እየጸለይኩ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆቹ የማስረጃቸውን ኮፒ እሳቸው ጋ ያስቀምጣሉ። እትዬ ብርቄ ሱቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት መነጽራቸውን አድርገው መንገዱን ይሻገሩና ሰሌዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያነባሉ። የሚሆን ሥራ ካዩ ለባለቤቱ ይደውላሉ። ልጁ ሩቅ ከሆነና ማስታወቂያው «በአካል ወይም በተወካይ» የሚል ከሆነ፣ ላስቲኩን ከካርቶኑ መዘዝ አድርገው ራሳቸው ሄደው ያስመዘግባሉ። መልእክት አይጽፉም። «እኔ የሰው ጽሑፍ አባዛለሁ እንጂ አልጽፍም» ይላሉ።

አሁን ሳስበው በከተማው ውስጥ ያየሁት ከሁሉ የተሻለ የሥራ ማገናኛ እሱ ነበር። ያን ቀን ግን ፀጉሬ ነው የቆመው። የትምህርት ማስረጃ በብስኩት ካርቶን! ስለ ግል መረጃ ጥንቃቄ፣ ስለ እሳት፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ አይጥ፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ አስረዳኋቸው። እያዳመጡኝ የአምስት ሰው መታወቂያ አባዙ። ስጨርስ ቀና አሉና፣

«ጨረስክ?»

«አዎ።»

«እና ስንት ኮፒ ላንሣልህ?»

ይህ ነው የመጀመሪያውን የቤት ሥራ የወለደው። ሥልጠናው ላይ የተመዘገቡት ዐሥራ ሁለት ልጆች ናቸው፤ አብዛኞቹ የካርቶኑ ልጆች። የቤት ሥራው እንዲህ ይላል፦ «ማስረጃችሁን ሌላ ሰው ዘንድ ካስቀመጣችሁበት አውጡ፤ በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ የሥልጠናው ገጽ ላይ ጫኑ።» በዚያው ቀን ሁሉም ላስቲካቸውን ሊወስዱ መጡ። እኔም ሥርዓት እንዲይዝ ብዬ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

የላብራቶሪዋ ባለሙያ ዘይቱና ትባላለች። ዝም ያለች ልጅ ናት፤ አንድ ነገር ከማድረጓ በፊት ሁለቴ የምታይ። ላስቲኩን ከተቀበለች በኋላ በእጇ አገላበጠችውና፣

«ቲቸር፣ ፎቶውን ልጫን፤ ኮፒው ግን እዚሁ ቢቀመጥስ?» አለችኝ።

እዚህ ላይ «እሺ» ማለት ይቻል ነበር። ሁለት ፊደል ነው። እኔ ግን አብራራሁ። መረጃ በሁለት ቦታ ሲቀመጥ ስለሚፈጠረው መደናገር አብራራሁላት። አዳምጣ ስትጨርስ ላስቲኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እትዬ ብርቄ የቀለለውን ካርቶን ወደ ማሽኑ ሥር መለሱት። ካርቶኑ ውስጥ የቀረው ያ ፍልስፍና የተማረው፣ አማኑኤል ብቻ ነው። «እኔ ፎቶ አንሥቻለሁ፤ ወረቀቴ ግን ከእትዬ ብርቄ ጋር ለምዷል» ብሎ እምቢ አለ። አንድ ነጥብ ቀነስኩበት።

ስለ ዘይቱና ትንሽ ልጨምር። አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ክሊኒኩ ሲዘጋ እሷም ቤት ቀረች። አባቷ ሐጂ ሙዘሚል መናኸሪያው አካባቢ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አላቸው። የሚያግዛቸው ወንድሟ ወደ ሌላ ከተማ ሊሄድ ስለሆነ፣ ከአባቷ ጋር ተስማምተዋል፦ እስከ መስከረም በሙያዋ ሥራ ካገኘች አገኘች፤ ካላገኘች ሱቁ ውስጥ ትቀመጣለች። ክፍል አንድ ላይ «ለምን ወደ ሥራ መመለስ ፈለጋችሁ?» የሚል ጥያቄ ነበር። ሌሎቹ ገጽ ሙሉ ጻፉ። እሷ የጻፈችው፣ «ማይክሮስኮፕ ፊት ከተቀመጥኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ዓይኔ እንዳይረሳው እፈራለሁ» ብቻ ነበር። በቀይ «ሐሳብሽን አስፋፊው» ብዬ መለስኩላት።

የመጀመሪያው የቀጥታ ትምህርት ሐምሌ ላይ ተጀመረ። ስልኬን ከፈትኩ። ዐሥራ ሁለቱም ፊቶች አንድ በአንድ መጡልኝ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ አንድ ነገር አየሁ። ከሁሉም ጀርባ ዛፍ አለ። የሁሉም ዛፍ ደግሞ ግንዱ ላይ ያው እባጭ አለው። «ደህና አደራችሁ!» ስል፣ ድምፄ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ተመለሰልኝ።

«የት ናችሁ?»

«ጉዱማሌ፣ ዛፍ ሥር» አሉ በአንድነት።

ለካ ጠዋት ሰሌዳውን አብረው ያያሉ፤ ከዚያ አብረው ወደ ጉዱማሌ መናፈሻ ይሄዳሉ፤ ኢንተርኔቱ ከሚፈጥንለት ልጅ ስልክ ላይ ሁሉም ይጋራሉ። ባጃጅ ይዤ በረርኩ። ስደርስ ዐሥራ ሁለት ሰው በአንድ ረድፍ ተቀምጦ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ በየራሱ ስልክ ውስጥ እኔን ይጠብቃል። አማኑኤል ቀና ብሎ አየኝና፣

«ቲቸር፣ በኢንተርኔት ነው የመጣኸው ወይስ በባጃጅ?» አለ።

እንደ ሰው ብሆን እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ አስተምራቸው ነበር። እኔ ግን ያዘጋጀሁት የኢንተርኔት ሥልጠና ነው። ደንብ አወጣሁ፦ ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ከየቤቱ፣ ካሜራው ተከፍቶ። በዚያ ሰዓት ቤቱ ሊገኝ የሚችለው ደግሞ ወደ ሰሌዳው ያልሄደ ሰው ብቻ ነው። ይህን ያኔ አላሰብኩትም። ሁለተኛ ደንብ ተከተለ፤ ስልክ ሲደወልላቸው ትምህርቱ እየተቋረጠ ስላስቸገረኝ፣ በትምህርት ሰዓት ጥሪ እንዳይገባ ስልኩ እንዴት እንደሚዘጋ ስድስት ቀስት ባለው ሥዕል አዘጋጅቼ ላክሁላቸው። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ማብራሪያዎች ሁሉ ግልጹ እሱ ነበር። አንድ ሰው እንኳ አልተሳሳተም።

የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ክፍል ሁለት ላይ፣ ጥያቄ ሰባት። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ለቃለ መጠይቅ መቼ መድረስ ይገባል? ሀ. ሩብ ሰዓት ቀድሞ፤ ለ. ልክ በሰዓቱ፤ ሐ. ትንሽ ዘግይቶ፤ መ. በማግሥቱ።» መልሱን ስመዘግብ እጄ አዳልጦኝ «መ» ላይ ነክቻለሁ። ስለዚህ በእኔ ሥልጠና ለቃለ መጠይቅ በማግሥቱ ያልደረሰ ሰው ክፍል ሦስትን አያያትም።

አማኑኤል በሁለተኛው ሙከራ አለፈ። እንዴት እንዳለፈ ስጠይቀው «ሁሉንም መ፣ መ፣ መ ስል ስድስቱ ተሳሳተ፤ እነሱን አስተካክዬ ሰባትን ተውኩት» አለኝ። ሌሎቹም ገምተው ገምተው አለፉ። ዘይቱና ግን ስድስት ጊዜ ተፈተነች፤ ስድስት ጊዜ «ሀ» አለች። ልክ ያልሆነውን ልክ ነው ማለት አልሆነላትም። በመጨረሻ ጻፈችልኝ፦ «ቲቸር፣ ጥያቄ ሰባት ስሕተት ያለው መሰለኝ።» እኔም ዐሥራ አንድ ደቂቃ የሚፈጅ የድምፅ መልእክት ላክሁላት። ርእሱ «ጥያቄን በጥሞና ስለ ማንበብ» ነበር። ከሳምንት በኋላ ገብቼ ሳየው ፊቴ ጋለ። አስተካከልኩት። ይቅርታም ጠየቅኋት፤ እሱንም ቢሆን ከነምክንያቱ። ሳምንቱ ግን ሄዷል፤ ዘይቱና ከሌሎቹ ኋላ ቀርታ፣ ብቻዋን ማካካሻ የምትማር ሆነች።

አማኑኤልን ደግሞ አሰናበትኩት። ጠዋት ጠዋት ይቀራል፤ ሲጠየቅ «ሰሌዳ ላይ ነበርኩ» ይላል። ክፍል ስምንት «ክፍት የሥራ ቦታን በኢንተርኔት ማፈላለግ» ነው፤ ሰሌዳ ማየት ያለፈበት አሠራር እንደሆነ የሚያስረዳ። አማኑኤል ያንኑ ክፍል ሰሌዳ ሊያይ ሄዶ ቀረ። ስሙን ስሰርዝ ደህና ሰንብት የሚል ደብዳቤ ጻፍኩለት፤ ሁለት ገጽ። «አንብቤ ስጨርስ ሥራ ሳላገኝ ጡረታ የምወጣ መስሎኝ ነበር» ብሎ መለሰ።

አሁን ወደዚያ ሐሙስ ልድረስ። ሳላብራራ ብደርስ እወድ ነበር።

ከዓርብ እስከ ሐሙስ፣ አምስት የሥራ ቀን ሙሉ፣ ሰሌዳው ላይ የአንድ ጤና ጣቢያ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። ላብራቶሪ ባለሙያ፣ አንድ፣ በቋሚነት። መረጃ መዝጋቢ፣ አንድ፣ በማንኛውም የትምህርት መስክ የተመረቀ። ምዝገባው በአካል ወይም በተወካይ፤ የመጨረሻው ቀን ሐሙስ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል። ዐሥራ አንዱ ሠልጣኞቼ አምስቱንም ጠዋት በየቤታቸው፣ በየካሜራቸው ፊት፣ በእኔ ደንብ ተቀምጠዋል። እትዬ ብርቄ ማስታወቂያውን በመጀመሪያው ቀን አንብበውታል። ዘይቱና ግን ወረቀቷን ወስዳለች፤ «ቴክኖሎጂ ገብታለች፤ በኢንተርኔቱ ቀድማኝ አይታው ይሆናል» ብለው ተዉት። ሐሙስ ረፋዱ ላይ አማኑኤልን «ለመሆኑ ዘይቱና ተመዝግባለች?» ቢሉት፣ «እኔ አላየኋትም» አላቸው። ያኔ ስልካቸውን አነሡ። ደወሉላት፤ ዝግ ነው። ላስቲኩ የለም፣ ወክለው እንዳያስመዘግቡ። የቀራቸው አንድ ሰው ነው። ለእኔ ደወሉ።

ያን ሰዓት እኔ ለዘይቱና ብቻዋን ማካካሻ እየሰጠሁ ነው። ክፍል ዘጠኝ ነበር፤ ርእሱ «ከቀጣሪ ስልክ ሲደወል»። እኔ በኮምፒውተሩ ቀጣሪ ሆኜ «ሃሎ» እላለሁ፤ እሷ ሥራ ፈላጊ ሆና «አቤት» ትላለች። የእኔ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተንዘረዘረ። እትዬ ብርቄ። ዘጋሁት።

«አየሽ፣ ይኼ ጥሩ ምሳሌ ነው» አልኳት። «ሥራ ላይ ሳለን የማይመለከተን ጥሪ ሲመጣ፣ እንዲህ በትሕትና እንዘጋዋለን።»

ጻፈችው። ካሜራው ላይ እጇ ሲጽፍ አየሁ።

ሁለተኛ ተደወለ፤ ዘጋሁት። ሦስተኛ ሲደወል ዘይቱና ብዕሯን አስቀመጠች።

«ቲቸር፣ አስቸኳይ ነገር እንዳይሆን?»

«አስቸኳይ ቢሆን መልእክት ይልኩ ነበር» አልኩ። እትዬ ብርቄ መልእክት እንደማይጽፉ እኔው አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው ያልኩት፤ ዓረፍተ ነገሬን መጨረስ ስለፈለግሁ።

ስንጨርስ ደወልኩላቸው። ከስልኩ ውስጥ የማሽኑ ድምፅ ይሰማል።

«እትዬ ብርቄ፣ ደውለው ነበር?»

ማሽኑ አንድ ወረቀት ተፋ።

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ።

«ሰባት ሊሆን ነው።»

«እንግዲህ ተወው ልጄ።»

ልጄ ብለውኝ አያውቁም ነበር። ምን እንደሆነ ለምኜ ነው የነገሩኝ። ወዲያው ለዘይቱና ደወልኩ፤ ስልኳ አሁንም ዝግ ነው። ስድስቱን ቀስት በትክክል ተከትላለች፤ መልሶ ስለ መክፈት ግን ቀስት አልሠራሁም። ሳገኛት መሥሪያ ቤት ሁሉ ተዘግቶ ነበር። «እትዬ ብርቄ ሲፈልጉሽ ነበር፤ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ወጥቶ ዛሬ አለቀ» አልኳት። ለማን እንደደወሉ አልነገርኳት። ያ እንግዲህ በሕይወቴ የሰጠሁት አጭሩ ማብራሪያ ነው።

በማግሥቱ ሄደች። መዝጋቢዋ አዝና፣ «ለላብራቶሪው እኮ የተመዘገበው አንድ ሰው ብቻ ነው እህቴ» አለቻት። ያ አንድ ሰው ከዲላ መጥቶ መናኸሪያ ላይ አውቶቡስ ሊቀይር የወረደ ልጅ ነው። አውቶቡሱ ሲዘገይበት ወረድ ብሎ ሰሌዳ አነበበ። መረጃ መዝጋቢ ሆኖ ያለፈው ደግሞ አማኑኤል ነው። እትዬ ብርቄ እንደጸለዩለት፣ «በማንኛውም የትምህርት መስክ» የምትለዋ ሐረግ በመጨረሻ ወጣችለት።

ዘይቱና ሥልጠናውን አላቋረጠችም። ዐሥራ ሁለቱንም ክፍል መቶ ከመቶ የጨረሰች እሷ ብቻ ናት። ምስክር ወረቀቷን ያሳተምኩት እትዬ ብርቄ ጋ ነው። ወረቀቱ ከማሽኑ ሲወጣ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ።

«ነገርካት?»

«ምኑን?»

«ልጁ ምኑን ይለኛል! ላንተ መደወሌን ነዋ።»

«ጊዜ ጠፍቶ…»

«ላንተ ነው ጊዜ የሚጠፋህ? አንተ ለባጃጅ ሹፌር ስለ ሐይቅ የምታስተምር ልጅ?» ወረቀቱን በላስቲክ አሽገው ሰጡኝ። «በል ሂድ።»

መስከረም ገብቷል። የዘይቱና አባት ሱቅ እስከ ጣሪያው በባልዲና በጀሪካን ተሞልቷል። ሐጂ ሙዘሚል በር ላይ ተቀምጠው ነበር።

«መምህር፣ እንኳን ደህና መጣህ። ምን እንስጥህ፣ ባልዲ?»

«የለም ሐጂ፣ እኔ ነኝ የያዝኩት። የልጅዎ ምስክር ወረቀት ነው።»

ወረቀቱን ተቀብለው፣ አቧራ እንዳይነካው ከሁሉ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አቆሙት፤ ከሕፃን ፖፖዎች በላይ። ዘይቱና ከውስጥ አዲስ የገቡ ጆጎች ትፈትሽ ነበር። እያንዳንዱን ወደ ብርሃኑ ታነሣና አንድ ዓይኗን ጨፍና ስንጥቅ ትፈልጋለች። በዝግታ፤ አንዱንም ሳትዘል። እዚያ ቆሜ ሳያት የማወራው ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

«ዘይቱና፣ ያን ሐሙስ… እትዬ ብርቄ ለእኔ ደውለው ነበር።»

ጆጉን አላወረደችም። «ስንት ጊዜ?»

«ሦስት።»

«ያ "በትሕትና እንዘጋዋለን" ያልከው?»

«እሱ ነው።»

ጆጉን አዙራ በሌላ ጎኑ አየችው። ዝምታ ስለማልችል አፌ ተከፈተ፤ «ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንደኛ…»

«ቲቸር» አለች፤ እጇን አነሣች። «እባክህ አሁን አታብራራ።»

አላብራራሁም። ጆጉን ከደህናዎቹ ጋር ደረደረችና ሌላ አነሣች። እሱንም ወደ ብርሃኑ እያነሣች፣

«ደግሞ እኮ በማግሥቱ ሄጃለሁ» አለች። «በጥያቄ ሰባት መሠረት ልክ ነኝ።»

ሳቀች። ሐጂም ነገሩ ሳይገባቸው ልጃቸው በመሳቋ ብቻ ደስ ብሏቸው ሳቁ። እኔም ልስቅ ሞክሬ ነበር። የሳቋ መጨረሻ ግን እንደ አጀማመሩ አልነበረም፤ ፊቷን ወደ ጆጉ መልሳ ብርሃኑን ከሚገባው በላይ ረጅም ጊዜ አየችው።

ልወጣ ስል፣ «የማስረጃሽን ኮፒ ብትሰጪኝ…» አልኳት ፈራ ተባ እያልኩ። ከመሳቢያው ያንኑ ላስቲክ አወጣች። ሁለቴ አገላበጠችው።

«ለእትዬ ብርቄ ስጣቸው» አለች። «አንተ ጋ ግን እንዳያድር።»

አላደረም። በቀጥታ ሄጄ ካርቶኑ ውስጥ በእጄ አስቀመጥኩት። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም ወረቀታቸውን አንድ በአንድ መልሰዋል። የሥልጠናውን ክፍል ስምንት አጥፍቼ፣ በቦታው «ወደ ሰሌዳው ሂዱ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌያለሁ። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የእትዬ ብርቄ ዓይን ስለደከመ፣ ጠዋት ክፍል ከመግባቴ በፊት ሰሌዳውን የማነብላቸው እኔ ነኝ። ማንበብ ብቻ ነው የተፈቀደልኝ፤ አስተያየት ስጨምር «ቀጥል፣ ቀጥል» ይሉኛል። ላብራቶሪ እስካሁን አልወጣም። አንድ ቀን «ላብ» የሚል ቃል አይቼ ልቤ ዘሎ ነበር፤ የላብ አደሮች ማኅበር ስብሰባ ጥሪ ነው።

ስልኬን ክፍል ውስጥ አልዘጋም። ተማሪዎቼ ይገርማቸዋል፤ በመጀመሪያው ቀን የእነሱን ያስዘጋሁት እኔ ነኝና። ትናንት ጥቁር ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ሳለ ጮኸ። እትዬ ብርቄ። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ።

«አቤት እትዬ ብርቄ! ላብራቶሪ ወጣ?»

«አልወጣም። ወረቀት አልቆብኛል፤ ስትመጣ አንድ ደስጣ ይዘህልኝ ና።»

«እሺ፤ እይዛለሁ።»

ክፍሉ ሁሉ ያየኛል። አንዷ ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ማን ናቸው?» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ጠመኔውን አነሣሁና ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።